የወልወል የመጀመሪያዪቱ ጥይት

በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፥ በኦጋዴን በረሓ ወልወል በሚባሉት የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ አንዲት ጥይት ተተኮሰች። ከዚያች ጥይት በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እርስዋን ማን እንደ ተኮሳት ግን አስቀድመው በስፍራው የነበሩት ወታደሮች፥ ቀጥለውም በዠኔቭ የተሰበሰቡት የመንግሥታት መልእክተኞች፥ በመጨረሻም ለዳኝነት የተመረጡት ሊቃውንተ ሕግ በአንድ ቃል ሊመሰክሩ ሳይችሉ ቀርተዋል። ከአዲስ አበባ የወጣው ወሬ፥ የወሰን ኮሚሲዮን አጃቢ ሆኖ በገዛ አገሩ መሬት ላይ የሰፈረው ሠራዊት ምንም ሳይበድል የኢጣልያ ጦር በአይሮፕላንና በብረት ለበስ መኪና እየተረዳ እንደ ወረደበት ይናገር ነበር፤ ከሮማ የወጣው ወሬ ደግሞ ቍጥሩ የበዛ የሐበሻ ጭፍራ በኢጣልያ ምሽግ ላይ ድንገተኛ አደጋ እንደ ጣለና የምሽጉ ጠባቂዎች ራሳቸውን ለመከላከል ብቻ እንደ ተኮሱ ያስረዳ ነበር። ለሚሰማው ሰው ሁለቱ ወሬዎች የሚለያዩት ማን ቀደመ በሚለው ብቻ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የጠቡ ሥር የነበረው ሌላ ነገር ነው፥ ያንንም ለመሰወር የቀደመ የዘገየ የሚለው ክርክር ለአንደኛው ወገን እጅግ የተመቸ ሆኖ ተገኘ።

አባቶቻችን ‹‹ነገር ከሥሩ፥ ውኃ ከጥሩ›› ይላሉና፥ ወደ ጥይቲቱ ከመድረሳችን በፊት ወደ ጉድጓዶቹ እንመለስ። ኦጋዴን ዝናቡ አጭር፥ በጋው ረጅም የሆነ ሰፊ ሜዳ ነው፤ በዚያ የሚኖረው የሶማሌ ሕዝብ ግመሉን፥ በጉንና ፍየሉን እየነዳ ዝናብ የጣለበትን ምድር ተከትሎ ይዘዋወራል፤ ሣሩ ደርቆ ኵሬው ሁሉ በተሟጠጠ ጊዜ ግን ከየአቅጣጫው ወደ ጥልቆቹ ጉድጓዶች ይሰበሰባል። ከእነዚህም መካከል ወልወልና ጎረቤቱ ዋርዴር ዋናዎቹ ናቸው። በወልወል ከአንድ ስፍራ የተቈፈሩት ጉድጓዶች ብዙ በመሆናቸው፥ በበጋ ወራት ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ፥ ከኢጣልያ ሶማሊያና ከኦጋዴን የመጡ ጎሣዎች አብረው ከብታቸውን ያጠጡ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ምሽግ መሥራት የሚሻ መንግሥት ኮረብታ አይፈልግም፤ ጉድጓዱን የያዘ ከብቱን ይዞአል፥ ከብቱን የያዘም ሰዉን ይዞአል። በኦሪት ዘፍጥረት የይስሐቅ ሎሌዎችና የጌራራ እረኞች የተጣሉት በጉድጓድ ውኃ ምክንያት እንደ ሆነ ተጽፎአል፤ ይስሐቅ ግን አንዱን ትቶ ሌላውን ይቈፍር ነበር እንጂ በአይሮፕላን አልተዋጋም።

አሁን ደግሞ ወደ ውሉ እንሂድ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. ኔራዚኒ የተባለው የኢጣልያ መልእክተኛ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር ስለ ሶማሊያ ወሰን በተነጋገረ ጊዜ፥ ስምምነቱ የተገለጠው በአንቀጽ በተከፋፈለ የውል ጽሑፍ ሳይሆን በካርታ ላይ በተሰመረ መሥመር ነበር፤ ያም መሥመር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 180 ማይል ያህል እየራቀ ከባሕሩ ጋር ትይዩ የሚሄድ እንደ ነበረ ይነገራል። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሌላ ውል ተዋዋሉ፥ ኢጣልያም በዚህ ጊዜ 3 ሚሊዮን ሊሬ ለመክፈል ተስማማች። ይህ ውል ከዶሎ እስከ ዌቢ ሸበሌ ያለውን ወሰን በአገር ስም እየጠራ ከዘረዘረ በኋላ፥ ከዌቢ ሸበሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን ቀድሞ በተስማሙበት መሥመር ይሂድ ብሎ ወደዚያው ወደ ካርታው መለሰው፤ አስከትሎም የኦጋዴን አገር በሙሉ፥ ወደ ኦጋዴን ያሉትም ጎሣዎች የኢትዮጵያ፥ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ያሉት ጎሣዎች ደግሞ የኢጣልያ ይሁኑ አለ። ካርታውን ግን ለሕዝብ አውጥቶ ያሳየ የለም። ዝናብን ተከትሎ የሚዘዋወረውን ሕዝብ በስሙ ጠርቶ ወሰን ማድረግ፥ ወሰኑንም ከሕዝቡ ጋር ተዘዋዋሪ ማድረግ መሆኑን የውሉ ጸሐፊዎች አላሰቡትም ማለት ይቸግራል፤ ምናልባት አንደኛው ወገን አስቦበት ይሆናል። በ1903 ዓ.ም. ገደማ ወሰኑን በምድር ላይ ለመትከል የወጣው የሁለቱ መንግሥታት ኮሚሲዮን ከዶሎ ተነሥቶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ሥራውን አቋረጠ፤ የቀረውም ከሃያ ዓመት በላይ ሳይከለል ቈየ።

ሳይከለል የቈየ ወሰን ለኀያሉ ጎረቤት የመስፋፊያ በር ነው። ፋሺስቶች ሮማን ከያዙ በኋላ ዴ ቬኪ የተባለው የሶማሊያ ገዢ ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ የኦቢያንና የሚጁርቴንን ሱልጣኖች በጦር እየሰበረ አገራቸውን በቀጥታ በኢጣልያ አገዛዝ ሥር አገባ። በዚያው ጊዜ በኤል ቡር በኢጣልያኖች ላይ የተነሣው ዑመር ሰመተር የተባለው የሶማሌ ጀግና ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ተጠጋ፤ ስሙም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በወልወል ነገር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ኢጣልያኖች ከኦቢያ ወደ ውስጥ እየገፉ በ1922 ዓ.ም. ገደማ ወልወል ደረሱ፥ ምሽግም ሠሩ። ምክንያታቸውም፥ በወልወል የሚያጠጡት ጎሣዎች ከኦቢያ ሱልጣን ሕዝብ ወገን ናቸው፥ የኦቢያ ሱልጣን የኛ ነው፥ ስለዚህ ጉድጓዱም የኛ ነው የሚል ነበር። በ1923 ዓ.ም. የሐረርጌው ገዢ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ብዙ ሠራዊት አስከትለው ወደ ኦጋዴን ወርደው የኢትዮጵያን ሥልጣን እስከ ጠረፉ ለማጽናት ቢሞክሩም፥ ወልወል ከኢጣልያ እጅ ሳይወጣ ቀረ። እንግዲህ ልብ ማድረግ የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ኢጣልያ ራስዋ ያሳተመቻቸው ካርታዎች ሳይቀሩ ወልወልን ከወሰኑ ወዲህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ያሳዩ ነበር። ከሮማ በሚወጣው ወሬና በሮማ በታተመው ካርታ መካከል ያለው ጠብ፥ በሮማና በአዲስ አበባ ወሬዎች መካከል ካለው ጠብ የሚያንስ አልነበረም።

እንግሊዞች በዚህ ነገር ውስጥ የገቡት በሌላ በር ነው። በዚያው በ1889 ዓ.ም. ሮድ የተባለው መልእክተኛቸው ከአፄ ምኒልክ ጋር በተዋዋለው ውል፥ በወሰኑ ወዲያና ወዲህ ያሉት ጎሣዎች ለግጦሽ እንዲሻገሩ ተፈቅዶ ነበርና፥ በ1926 ዓ.ም. የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰን በድንጋይ ተክሎ የጨረሰው የሁለቱ መንግሥታት ኮሚሲዮን የግጦሹንና የውኃውን ስፍራ ለመመርመር ወደ ኦጋዴን ወረደ። የእንግሊዝ ወገን አለቃ ሌተና ኮሎኔል ክሊፎርድ፥ የኢትዮጵያ ወገን አለቃ ፊታውራሪ ተሰማ ባንቴ ነበሩ፤ ኋላ በዠኔቭ የኢትዮጵያን ነገር የተሟገቱት ሎሬንሶ ታእዛዝም ከዚሁ ጋር ነበሩ። አጃቢው ጦር 600 ያህል እንደ ነበረ ይነገራል፤ በፊታውራሪ ሽፈራውና በፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ እየተመራ ቀድሞ ደረሰ፥ ኮሚሲዮኑም በኅዳር 14 ቀን 1927 ዓ.ም. ተከትሎ ገባ። በጉድጓዶቹ ላይ ዱባት የሚባሉት የኢጣልያ ሶማሌ ጭፍሮች ቆመው ነበር፤ ቍጥራቸው በመጀመሪያ ስድሳ ያህል ቢሆን፥ ካፒቴን ቺማሩታ የተባለው አለቃቸው በመጣ ጊዜ ወደ መቶዎች አደገ።

ክሊፎርድና ቺማሩታ ተገናኝተው ተነጋገሩ፤ ንግግሩ ግን መልካም አልሆነም። ኮሚሲዮኑ በኢትዮጵያ ምድር የመዘዋወር መብቱን ሲያስረዳ፥ ካፒቴኑ በያዝኩት ስፍራ አታልፉም አለ። በማግስቱ ሁለት የኢጣልያ አይሮፕላኖች በሰፈሩ ላይ ዝቅ ብለው አንዣበቡ፤ የኮሚሲዮኑ ሰዎች በአንደኛው ውስጥ ያለው መትረየስ ወደ እነርሱ ተመልክቶ እንደ ነበረ ገልጠው በአንድነት የተቃውሞ ጽሑፍ ላኩ። ይህች ወረቀት ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው፤ በወልወል ስለ ሆነው ነገር ከተጻፈው ሁሉ ከኢትዮጵያና ከኢጣልያ ውጭ የሆነ ሰው በዓይኑ አይቶ በእጁ የፈረመበት ይህችን ያህል የለምና። ነገር ግን ክሊፎርድ ጠብ እንዳይነሣ በማለት በኅዳር 16 ቀን ኮሚሲዮኑን ይዞ አዶ ወደሚባለው ስፍራ አፈገፈገ። ጥበቡ ይመሰገናል፥ ነገር ግን በዚህ ጥበብ ምክንያት ሁለት የተጠማመዱ ሠራዊቶች ያለ ሦስተኛ ምስክር ተፋጠው ቀሩ። የኢትዮጵያ አጃቢ ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም፤ ቢንቀሳቀስ ኖሮ መሬቱን ለቀቀ፥ አገሩም የኢጣልያ መሆኑን አመነ ተብሎ በተጻፈበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዐሥር ቀናት የስድብ፥ የዛቻና የመጠባበቅ ቀናት ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች ድምፅ ለድምፅ እስኪሰማሙ ድረስ ተቀራርበው በቍጥቋጦው መካከል ምሽጋቸውን ቈፈሩ፤ በየሌሊቱ አንዱ ወገን ሌላውን ተንቀሳቀሰ እያለ ይጠረጥር ነበር። በኅዳር 26 ቀን ከቀትር በኋላ ተኩሱ ተነሣ። ኢጣልያኖች ሦስት አይሮፕላንና ሁለት ብረት ለበስ መኪና አሰለፉ፤ ፊታውራሪ ዓለማየሁ በዚያው ውጊያ ወደቁ፥ የኢትዮጵያም ጦር ከሌሊት ውጊያ በኋላ ወደ አዶ ተመለሰ። የሟቾቹ ቍጥር ራሱ ከወሬዎቹ ጋር ይለዋወጣል። ከኢትዮጵያ ወገን 107 ሞቱ፥ 45 ቈሰሉ የሚለው ቍጥር በብዙ መጻሕፍት ይገኛል፤ ሌሎች ግን የሞቱትን 130 ያደርሳሉ፥ 150 የሚሉም አሉ። ከኢጣልያ ወገን የሞቱትን አንዱ 30፥ ሌላው 50 ይላል፤ እነርሱም ከሞላ ጐደል ሁሉም ሶማሌዎች ነበሩ። ይህን የምንጠቅሰው ቍጥሩን ለማስታረቅ አይደለም፤ የገዛ ወገኑን ሬሳ ቈጥሮ ለመጨረስ ያልቻለ ጽሑፍ፥ በቍጥቋጦ ውስጥ የተተኮሰችውን የመጀመሪያ ጥይት በእርግጥ አውቃታለሁ ሲል በምን ያህል ጥንቃቄ መሰማት እንዳለበት ለማመልከት ነው።

ደግሞም ሁለቱ ወሬዎች የተወለዱበትን ሁኔታ መመርመር ይገባል። ከኢትዮጵያ ወገን የወጣው ከውጊያው የተመለሱት ሰዎች በአዶ የተናገሩት ነው፤ ከአዶ ወደ ጅጅጋ፥ ከጅጅጋ ወደ ሐረር፥ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲሸጋገር በየደረጃው የሰማው ሹም የሚጨምረውና የሚቀንሰው እንዳለው የታወቀ ነው። ከኢጣልያ ወገን የወጣው ደግሞ በአንድ መኰንን ተጽፎ በመቅዲሾ በኩል ወደ ሮማ የተላለፈ ነበር። የመጀመሪያው ብዙ አፍ ስላለው ይለያያል፤ ሁለተኛው አንድ አፍ ብቻ ስላለው አይለያይም፤ አለመለያየቱን ግን እንደ እውነት ምልክት የቈጠሩት ብዙዎች ናቸው። ቺማሩታ ራሱ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ስለ ወልወል መጽሐፍ ጽፎ በኢጣልያ አሳተመ፤ አገሩ ኢትዮጵያን ይዛ በነበረበት ዘመን የታተመ መጽሐፍ ከአሸናፊው ቃል ሌላ ምን ሊል ይችላል?

በአገራችን የቀደመ ልማድ፥ አድራጊው ያልታወቀ በደል በተፈጸመ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እስኪያወጣጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር፤ አውጫጭኝ የሚባለው ይህ ነው። ልማዱ ጭንቅ ያለበት መሆኑን፥ እረኛውንና ገበሬውን ሥራ ማስፈታቱንም እናውቃለን፤ ነገር ግን አንድ ታላቅ ማስተዋል አለበት፥ ይኸውም ምስክሩ የአገሩ ሰው መሆኑ ነው። በወልወል ነገር የአገሩ ሰው ማን ነበር? ጉድጓዱን አያቶቹ የቈፈሩት፥ በየበጋው ግመሉን የሚያጠጣው፥ አይሮፕላኑም በራሱ ላይ ያለፈበት የሶማሌ አርብቶ አደር ነበር። በመንግሥታቱ የደብዳቤ ልውውጥ ውስጥ ግን የእርሱ ድምፅ እምብዛም አይሰማም፤ ስሙ የሚነሣው የየትኛው መንግሥት ተገዥ እንደ ሆነ ለመከራከር ሲፈለግ ብቻ ነው።

የዲፕሎማሲው ክርክር ከጥይቱ ይልቅ ፈጠነ። ኢትዮጵያ በማግስቱ ተቃውሞዋን አቀረበች፤ በኅዳር 30 ቀንም ሁለቱ መንግሥታት በሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. በተዋዋሉት የወዳጅነት ውል አምስተኛ አንቀጽ መሠረት ነገሩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ጠየቀች። ኢጣልያ ይህን አልተቀበለችም፤ በደሉ ግልጥ ስለ ሆነ ዳኛ አያስፈልገውም አለች። በታኅሣሥ 2 ቀን የላከችው ጥያቄ የሐረርጌው ገዢ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ራሳቸው ወልወል ድረስ ሄደው በኢትዮጵያ መንግሥት ስም ይቅርታ እንዲጠይቁ፥ የኢትዮጵያ ወታደሮች ለኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጡ፥ ጥፋተኞች የተባሉት እንዲቀጡ፥ 200,000 የማሪያ ቴሬዛ ብርም ካሣ እንዲከፈል የሚያዝ ነበር፤ የዑመር ሰመተርም ስም ከሚፈለጉት መካከል ነበረ። ገንዘቡ ሊከፈል ይችል ይሆናል፤ በወልወል ላይ ለኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ መስጠት ግን ወልወል የኢጣልያ ነው ብሎ በአደባባይ መፈረም ነበርና፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይህን ሊቀበሉት አልቻሉም። በታኅሣሥ 5 ቀን ነገሩን በዠኔቭ ለሚሰበሰበው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አስታወቁ።

በዚህ መካከል ሙሶሊኒ በታኅሣሥ 21 ቀን በምስጢር በጻፈው መመሪያ፥ የኢትዮጵያ ነገር በጦር እንጂ በሌላ እንደማይፈጸም፥ ዓላማውም የኢትዮጵያን ሠራዊት ደምስሶ አገሪቱን በሙሉ መያዝ መሆኑን ለሹማምንቱ ገለጠ። እንግዲህ በወልወል ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው ምርመራ ገና ሳይጀመር ፍርዱ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ነበር። የአገራችን ሰው ‹‹አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ›› የሚለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። በገና በዓላችን በታኅሣሥ 29 ቀን የፈረንሳዩ ላቫልና ሙሶሊኒ በሮማ ተፈራረሙ፤ ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ነገር ኢጣልያን እንደማትቃወም ያን ጊዜ ለሚያስተውል ሁሉ ታየ። በጥር 11 ቀን፥ ይኸውም በጥምቀት ዕለት፥ የዠኔቭ ጉባኤ ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው ይስማሙ ብሎ ነገሩን አቈየው። በዓላቱ ከዲፕሎማቶቹ ቀጠሮ ጋር የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወሬውን ይጠባበቅ ለነበረው ሰው ግን መራራነቱን የጨመረው ይመስለናል። በዚያው ጥር አፍዱብ በተባለው ስፍራ ሌላ ተኩስ ተነሣ፥ እንደ ቀድሞውም ሁለት ወሬ ወጣለት፤ በየካቲት ኢጣልያ ሁለት ክፍለ ጦር ማሰናዳትዋን አስታወቀች።

ዳኞቹ የተሰበሰቡት ከብዙ ማዘግየት በኋላ፥ የማኅበሩ ጉባኤ በግንቦት 17 ቀን ቀነ ገደብ ስለ ቈረጠ ነው። ኢጣልያ ሁለት ዲፕሎማቶችዋን፥ አልድሮቫንዲንና ሞንታኛን ሾመች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ አሜሪካዊውን ፒትማን ፖተርንና ፈረንሳዊውን የሕግ ሊቅ ዴ ላ ፕራዴልን መረጠች፤ ተሟጋችዋም የፓሪሱ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ነበሩ። ዤዝ በኔዘርላንድ በስኬቨኒንገን በተደረገው ስብሰባ፥ ጥይቱ የተተኮሰበት ስፍራ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ተኳሹ እንዴት ይፈረድበታል? ወልወል በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ነውና ኢጣልያ በዚያ መገኘትዋ ራሱ የበደል መጀመሪያ ነው ብለው መናገር ሲጀምሩ፥ የኢጣልያ ወገን ይህ አይነሣም ብሎ ተቃወመ፤ በሐምሌ 2 ቀን ስብሰባው ተበተነ። ጉባኤው በሐምሌ 27 ቀን እንደ ገና በተወያየ ጊዜ ለኢጣልያ ፈቃድ አደላ፤ ዳኞቹ ስለ ተኩሱ ብቻ ይመርምሩ፥ የወሰኑን ነገር አይንኩ ተባለ። ዤዝ ለኢትዮጵያ በመቆማቸው ብቻ በሚቀጥለው ዓመት የፓሪስ ቀኝ ወገን ተማሪዎች ትምህርታቸውን እያቋረጡ ጮኹባቸው፥ የሚያስተምሩበትንም አዳራሽ አወኩ።

ከዚህ ላይ ፍርዱ አስቀድሞ ታውቆአል ማለት ይቻላል። አምስተኛ ሆነው የተጨመሩት የግሪክ ሊቅ ፖሊቲስ ነገሩን ለማስማማት የተካኑ ሰው ነበሩ። በነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. (በአውሮፓ ቍጥር ሴፕቴምበር 3 ቀን 1935) አምስቱም በአንድ ድምፅ ፈረዱ፦ የኢጣልያ መንግሥትና ሹማምንቱ ጠቡን ለማስነሣት ጥቅም አልነበራቸውም፥ እንዳይነሣም ተጠንቅቀዋል፤ የኢትዮጵያም መንግሥት ጠብ ለማስነሣት የሚያበቃው ጥቅም አልነበረውም፤ በስፍራው የነበሩት የኢትዮጵያ ሹማምንት አኳኋን ምናልባት የጠብ ፈላጊነት መስሎ ታይቶ ይሆናል፥ ነገር ግን ለሆነው ነገር ኀላፊዎች መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ የመጀመሪያዪቱ ጥይት በድንገት የተተኮሰች ልትሆን ትችላለች። ማንም በደለኛ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ዳኞቹ ብዙ ክፉ ተነግሮአል፤ እኛ ግን በዚህ እንለያለን። የተጠየቁትን መለሱ፥ መልሳቸውም ምናልባት እውነት ነው፤ በሁለት የተቈጡ ሠራዊቶች መካከል በቍጥቋጦ ሥር የተተኮሰችን ጥይት ባለቤት ሊያውቅ የሚችል እግዚአብሔር ብቻ ነው። በደሉ ያለው በጠያቂዎቹ ላይ ነው። ማን ተኮሰ የሚለው ጥያቄ ሁለት ወሬ ያለው፥ መሐላም ምስክርም የማይፈታው ጥያቄ ነበር፤ ወልወል የማን ናት የሚለው ግን በውልና በካርታ ሊፈታ የሚችል፥ ኢጣልያም ስለ መልሱ ገና ሳትጠየቅ የፈራችው ጥያቄ ነበር። የማይታወቀውን መርምሩ፥ የሚታወቀውን ተዉት ተብሎ ዳኛ የተሰየመበት ጉባኤ ይህ ነው። ፖተር ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ዳኝነቱ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ያን ጊዜ ግን ለኢትዮጵያ የዘገየ ምስክር ነበር።

ፍርዱ በተሰጠ በሠላሳኛው ቀን፥ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ፥ ዴ ቦኖ የሚመራው የኢጣልያ ጦር የጦርነት አዋጅ ሳይነገር መረብን ተሻገረ። ከወልወል ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ርቆ መጀመሩ፥ ስለ ጉድጓዶቹ የተነገረው ሁሉ ምክንያት ብቻ መሆኑን ይገልጣል። ኢጣልያ ከኢትዮጵያ ከወጣች በኋላም ኦጋዴን ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝ ወታደሮች አስተዳደር ሥር ቈየ፤ በ1942 ዓ.ም. ሶማሊያ በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ለኢጣልያ ስትሰጥ፥ እንግሊዞች ለጊዜው ብለው አንድ የአስተዳደር መሥመር አሰመሩ፥ ወልወልም በኢትዮጵያ ወገን ሆነች። ይህ ለጊዜው የተባለው መሥመር እስከ ዛሬ በድንጋይ ተተክሎ አልተከለለም።